ጥርስ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ብሬስ ከማድረጋችሁ በፊት

የእህቴ ልጅ ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ የሚያቃና ሽቦ፣ የተደረገላት ቀን አብሬያት ነበርኩ። ያኔ 13 ዓመቷ ነው። ወንበሩ ላይ ጋደም እንዳለች ሐኪሟን አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። «ጥርሴ አጥንት ውስጥ አይደል የተተከለው? ታዲያ ሲጎተት አጥንቱ አይሰበርም?»

ሐኪሟ የያዘችውን መሣሪያ አስቀመጠች። «አይሰበርም» አለቻት። «ጥርስሽ በሚሄድበት በኩል አጥንቱ ትንሽ ትንሽ እየፈረሰ መንገድ ይለቅለታል። ከኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት እየተሠራ ክፍተቱን ይሞላል። እኛ ሽቦውን እናስራለን እንጂ ሥራውን የሚሠራው የራስሽ አካል ነው።»

ብሬስ ሲባል አብዛኛው ሰው ሽቦውን ነው የሚያስበው። ቀለሙን፣ ዓይነቱን፣ ይታያል አይታይም የሚለውን። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምጀምረው ከአጥንቱ ነው። ሕክምናው ለምን ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ፣ ሐኪሙ ለምን ቅርብ ቢሆን እንደሚሻል፣ ብሬሱ ከወለቀ በኋላም ሥራው ለምን እንደማያልቅ የሚገባን እሱ ሲገባን ነው።

ከፊት ይፈርሳል፣ ከኋላ ይገነባል

ጥርስና አጥንት በቀጥታ አልተጣበቁም። በመካከላቸው ስስ የጅማት ሽፋን አለ። ስፋቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስናኝክ ጫናውን እንደ ትራስ የሚያረግብልን እሱ ነው። ጥርስ በቀስታ ሲገፋ ይህ ሽፋን በአንድ በኩል ይጨመቃል፣ በሌላው በኩል ይወጠራል። በተጨመቀው በኩል አጥንት የሚያፈርሱ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ። በተወጠረው በኩል አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት ሥራ ይጀምራሉ። ጥርሱ ቦታ የሚቀይረው እንዲህ ነው። ፍጥነቱም በወር 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ሙሉ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት የሚወስደው ለዚህ ነው። ከበድ ያለው ደግሞ ሦስት ዓመት ሊደርስ ይችላል።

ጠበቅ ቢደረግ አይፈጥንም ወይ? አይፈጥንም። ጫናው ሲበዛ ሽፋኑ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታፈናሉ። ደም ያጣው ቦታ ይሞታል። ጥርሱም ያ የሞተው ክፍል ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ ባለበት ይቆማል። ከዚያ ከባሰ የጥርሱ ሥር ጫፉ ተበልቶ ሊያጥር ይችላል። «ዶክተር፣ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ጠበቅ አድርጊው» የሚል ሰው ሳያውቀው ሕክምናውን እያዘገየ ነው።

ጥሩ ብሬስ ቀላል ጫና፣ ለረጅም ጊዜ፣ ሳያቋርጥ የሚሰጥ ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ ቁርጥራጮች ብራኬት ይባላሉ። እነሱ በራሳቸው ምንም አይገፉም። እጀታ ናቸው። የሚገፋው በመካከላቸው የሚያልፈው ሽቦ ነው። በተለይ መጀመሪያ ላይ የሚገባው ሽቦ ብዙውን ጊዜ ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅልቅል የተሠራ ነው። ይህ ቅልቅል ቅርጹን ያስታውሳል። የተጣመመው ጥርስ ጋ ሲታሰር አብሮ ይጣመማል። ከዚያ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ልመለስ እያለ ጥርሱን ይዞት ይመጣል። ቅልቅሉ የዳበረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ነው። ያኔ ስለ ጥርስ ያሰበ አልነበረም። ኦርቶዶንቲስቶች (ጥርስ የሚያቃኑ ስፔሻሊስቶች) ሲያገኙት ግን የፈለጉትን ቀስ ያለና የማያቋርጥ ጫና ሰጣቸው።

ብራኬቱ ሲለጠፍ አጠገቧ ቆሜ አየሁ። በመጀመሪያ ጥርሱ ላይ አሲድ ያለበት ቀለማም ጄል ተቀባ። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ በውኃ ታጥቦ በአየር ደረቀ። አንጸባራቂው ጥርስ በረዶ እንደ ነካው መስታወት ደብዘዝ ብሎ ነጣ። ጄሉ የጥርሱን ሽፋን ለዓይን በማይታይ መጠን ሻካራ አድርጎታል፤ ማጣበቂያው የሚይዘው ያንን ነው። ከዚያ ብራኬቱ ተቀመጠ፣ ዙሪያው የተረፈው ማጣበቂያ ተጠረገ፣ ሰማያዊ መብራት በራበት። ደነደነ። ቀጣዩ ጥርስ። አያምም። የሚሰለቸው አፍ ከፍቶ መቆየቱ ነው።

ማን ያስፈልገዋል?

የተጣመመ ጥርስ ለማቃናት መሞከር አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ጥርስን ከብረት ቅጠል ጋር በክር አስሮ መሳብን ጽፎ አስረድቷል። ነገሩን ወደ ሳይንስ የወሰደው ግን አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስ አገጣጠም ችግሮችን በሦስት ከፈላቸው። መለኪያ ያደረገው የፊት ጥርስን አልነበረም፤ የላይኛውና የታችኛው የመጀመሪያ ቋሚ መንጋጋ ጥርሶች እንዴት እንደሚገጥሙ ነው። ዛሬም ሐኪማችሁ «ክላስ ሁለት ነው» ብትላችሁ የምትናገረው በእሱ ቋንቋ ነው።

ይህ ክፍፍል አንድ ነገር ያስተምራል። መስታወት ፊት ቆመን የምናየው የፊት ጥርስ የታሪኩ ግማሽ ነው። ጥርሳቸው ከፊት ቀጥ ብሎ ከኋላ ግን የማይገጥም ሰዎች አሉ። የተደራረበ ጥርስ ኖሯቸው አገጣጠማቸው ደህና የሆነም አሉ።

አንዳንዱ ችግር በጊዜ መታየት አለበት። ገጣጣ የሆነ የፊት ጥርስ ልጅ ሲወድቅ ቀድሞ የሚመታውና የሚሰበረው እሱ ነው። የታችኛው የፊት ጥርስ ከላይኛው ቀድሞ የሚገጥም ከሆነ ጥርሱ ሊፋቅ፣ ድዱም ሊሸሽ ይችላል። የኋላው ጥርስ ሲገጥም ከፊት የማይገናኝ ጥርስ ቆርሶ ለመብላት ያስቸግራል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ያልወጣ የላይኛው ክራንቻ ነው። አጥንት ውስጥ አቅጣጫ ስቶ ይቀርና የጎረቤቱን ጥርስ ሥር ሊበላ ይችላል። አያምም። ከውጭም አይታይም። ልጅ 10 ዓመት ገደማ ሲሆን ሐኪም ድዱን በጣት ዳብሶ ክራንቻው በመንገድ ላይ መሆኑን ሊያረጋግጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

ፍንጭት በራሱ በሽታ አይደለም። ከወደዳችሁት ይቀመጥ። ትንሽ ዘመም ያለ ጥርስም ንጽሕናው ከተጠበቀ ዕድሜ ልክ ሊያገለግል ይችላል። «ካላስተካከላችሁት ይበላሻል» የሚል ማስፈራሪያ ከሰማችሁ የትኛው ጥርስ፣ በምን ምክንያት ብላችሁ ጠይቁ። በሌላ በኩል ደግሞ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው አውቃለሁ። ለመልክ ብቻ ብሎ ሕክምና መፈለግ ያሳፍራል የሚል ካለ አልስማማም። በእጅ ሳይሸፍኑ መሳቅ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ዕድሜ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር አንድ ልጅ ከ7 ዓመቱ ሳያልፍ አንድ ጊዜ እንዲታይ ይመክራል። ይታይ ማለት ብሬስ ይደረግለት ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች «በየጊዜው እያመጣችሁ አሳዩኝ» ተብለው ይመለሳሉ። ሕክምናው የሚጀመረው አብዛኛው የወተት ጥርስ ከወደቀ በኋላ ነው። ቀድሞ መጀመር የሚጠቅምባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ። የላይኛው ላንቃ አጥንት ግራና ቀኝ ሆኖ መሐል ላይ ይገናኛል። መጋጠሚያው በልጅነት ገና አልጠነከረም። ጠባብ ላንቃን ማስፋት ከጉርምስና በፊት የሚቀለው ለዚህ ነው። በኋላ ሲጠነክር አንዳንዴ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ለትልቅ ሰው የዕድሜ ገደብ የለውም። አጥንት በ50 ዓመትም ይፈርሳል፣ ይሠራል። የሚወስነው የድድና የአጥንቱ ጤንነት ነው። ድዱ እየደማ፣ አጥንቱ እየሸሸ ያለ ሰው መጀመሪያ ያንን መታከም አለበት። የታመመ አጥንት ውስጥ ጥርስ መግፋት ጥርሱን ማጣት ሊያመጣ ይችላል። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ደግሞ የአጥንትን መፍረስና መሠራት ያዘገያሉ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከጥርስ ጋር የማይገናኝ ቢመስላችሁም፣ ለሐኪሙ ተናገሩ።

ሽቦ ወይስ አላይነር?

አላይነር የሚባለው ጥርስ ላይ ተገጥሞ የሚወልቅ ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ኢንቪዛላይን የሚለውን ስም ሰምታችሁ ይሆናል። የሚሠራው ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እያንዳንዱ ፕላስቲክ ጥርሱን ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅስና በቀጣዩ ይተካል። የሚቀየረው በየአንድ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ነው። ለመብላትና ጥርስ ለመቦረሽ ይወልቃል፤ ትልቁ ጥቅሙም ትልቁ ችግሩም ይኸው ነው። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት። ምሳ ላይ አውልቆ እስከ ማታ የሚረሳ ሰው ሁለት ዓመት ለብሶ ባለበት ሊገኝ ይችላል። ሽቦ ግን መርሳት አይቻልም። ቀላልና መካከለኛ ችግር ላለበት፣ ራሱን ለሚቆጣጠር ሰው አላይነር ጥሩ ነው። ጥርስ በብዛት ማዞር ወይም ረጅም ርቀት መውሰድ ሲያስፈልግ ሽቦው ብዙውን ጊዜ የተሻለ ይሠራል። የጥርስ ቀለም ያለው የሴራሚክ ብራኬትም አለ። ያው ብሬስ ነው፤ ያን ያህል አይታይም፣ ግን ከብረቱ ይልቅ ይሰበራል።

ከዚህ ምርጫ በላይ የሚመዝን ሌላ ምርጫ አለ። ማን ይሠራዋል?

ሐኪም ስትፈልጉ

እስቲ እንቁጠር። ሕክምናው 24 ወር ቢፈጅ፣ ቀጠሮው በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ቢሆን፣ ከ13 እስከ 26 ጊዜ ትመላለሳላችሁ። ይህ የታቀደው ነው። ያልታቀደውም አለ። ብራኬት ይላቀቃል። የሽቦ ጫፍ ሾልኮ ጉንጭ ይወጋል። ለዚህ ነው ቅርበትን ከቅንጦት የማልቆጥረው። ሩቅ ቦታ ያለ ዝነኛ ሐኪም ቀጠሮው በየጊዜው ሲሰረዝ ምን ይጠቅማል? ሽቦው ሳይታይ ወራት ሲቆይ ጥርሱ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል።

ፍለጋውን ከተራ የጥርስ ሐኪማችሁ ጀምሩ። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ መሞላት፣ የቆሸሸው መታጠብ አለበትና በእሱ ማለፋችሁ አይቀርም። የሠራቸውን ሥራዎች አይቷልና ወደ ማን እንደሚልካችሁ ያውቃል። ኦርቶዶንቲስት የጥርስ ሕክምና ተምሮ ከጨረሰ በኋላ በጥርስና መንጋጋ ማስተካከል ላይ ተጨማሪ ዓመታት የተማረ ሰው ነው። ተራ የጥርስ ሐኪምም ብሬስ ሊሠራ ይችላል፣ ቀላሉን ጥሩ አድርገው የሚሠሩም አሉ። ግን የትኛው እንደሆነ የማወቅ መብት አላችሁ። «ስፔሻሊቲዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ፈቃድ የሚሰጠው የጤና አካል ጋ ስሙን ማጣራትም ይቻላል። ገንዘብ ለሚያሳስበው ደግሞ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥሩ በር ናቸው። በመምህራን ክትትል የሚሠሩ ሐኪሞች ያክማሉ። ጊዜ ይፈጃል፣ ክፍያው ግን ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ቀን ስለ ሐኪሙ ብዙ ይናገራል። ጥሩ ሐኪም ፎቶ ያነሳል፣ መላው ጥርስ የሚታይበትን ራጅ፣ ካስፈለገም የጭንቅላትን ጎን የሚያሳየውን ራጅ ያዛል፣ የጥርሱን ቅርጽ በስካነር ወይም በልኬት ይወስዳል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ዕቅዱን ያስረዳል። ራጅ ሳያይ «ዛሬውኑ እንሰራው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። አጥንቱን ሳያይ አጥንት ሊያንቀሳቅስ ነው።

ጥርስ ይነቀል ከተባለ አትደንግጡ፣ ዝም ብላችሁም አትቀበሉ። መንጋጋው ለጥርሶቹ ሲጠብ ቦታ ከየት ይምጣ? አንዳንዴ ላንቃን በማስፋት፣ አንዳንዴ ከጥርስ ጎንና ጎን ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ በመሞረድ፣ አንዳንዴ ከክራንቻው ኋላ ያለውን ጥርስ በመንቀል ይገኛል። ሦስቱም ትክክለኛ ሕክምና ናቸው። «ለኔ ለምን ይኼ ተመረጠ?» ለሚለው ግልጽ መልስ ማግኘት አለባችሁ። ካልረካችሁ ራጃችሁን ይዛችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም።

ከመፈረማችሁ በፊት ዕቅዱንና ክፍያውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ብራኬት ሲላቀቅ ተጨማሪ ይከፈላል? መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ሪቴይነር (የተስተካከለው ጥርስ ተመልሶ እንዳይሄድ የሚይዘው) ተካቷል? በየቀጠሮው የሚያየኝ ያው ሐኪም ነው? ሕክምናው ሳያልቅ ቦታ ብቀይር መረጃዬ ይሰጠኛል? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሁለት ዓመት ረጅም ነው፤ ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ቤት ይለቃል።

በአካባቢያችሁ ኦርቶዶንቲስት ከሌለስ? በሁለት ሐኪም መሄድ ይቻላል። ዋናውን ሥራ ርቆ ያለው ስፔሻሊስት ይሠራል። የሚወጋ ሽቦ መቁረጡን፣ ድድ መከታተሉን ቅርብ ያለው የጥርስ ሐኪም ይይዝላችኋል። ግን ሁለቱ ከመጀመሪያው ይተዋወቁ፤ ዕቅዱ ሁለቱም ጋ ይኑር።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፦ በራሳችሁ አትሞክሩት። ፍንጭትን ለመዝጋት ሁለት ጥርስ ላይ ላስቲክ ማሰር የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ይሄዳል። ላስቲኩም በዚያው እየተንሸራተተ ድድ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ አይታይም። ወደ ሥሩ እየወረደ ጅማቱንና አጥንቱን ያበላሻል። ሰዎች ጤነኛ የነበሩ ሁለት የፊት ጥርሶቻቸውን በዚህ አጥተዋል። በፖስታ የሚላክ አላይነርም የራሱ ጣጣ አለው። ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለው ኩባንያ አላይነር በቀጥታ ወደ ቤት ሲልክ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ተዘጋ። ሕክምናቸው መሐል ላይ የነበሩ ደንበኞች የሚከታተላቸው አጡ። ጥርስ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ቁም ስላሉት አይቆምም።

ከብሬስ ጋር መኖር

ሕመሙ ሽቦው ከገባ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይጀምራል። በማግስቱ ይብሳል። በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ለስለስ ያለ ምግብና ፓራሲታሞል ይበቃል። ጉንጭ የሚፍቀው ብራኬት ላይ ሐኪሙ የሚሰጠውን ሰም እንደ ሽንብራ ፍሬ አድቦልቡሎ መለጠፍ ነው። በረዶ፣ እስክሪብቶ፣ ጥፍር መቆርጠም ይቅር፤ ብራኬት የሚነቅሉት እነሱ ናቸው።

ከሕመሙ ይልቅ የምፈራው ነጭ ነጠብጣብ ነው። ብራኬት ዙሪያ የቀረ ምግብ ካልጸዳ ባክቴሪያ አሲድ ያመነጫል፣ ጥርሱ ማዕድኑን ያጣል፣ ብሬሱ ሲወልቅ በብራኬቱ ቅርጽ ነጭ ምልክት ይቀራል። በአንድ ወር ቸልተኝነት ሊጀምር ይችላል። ቡርሹን ቀጥ አድርጎ መፈተግ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች አዘንብሎ ከብራኬቱ በላይ፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ከብራኬቱ በታች። ከሽቦው ሥር ለሚቀረው ደግሞ በጥርስ መካከል የሚገባው ቀጭን ቡርሽ አለ። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ይኑረው፤ ለአዋቂ ማሸጊያው ላይ 1450 ፒፒኤም (የፍሎራይዱ መጠን መለኪያ) አካባቢ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። ስትጨርሱ ሳሙናውን ትፉት እንጂ በውኃ አትጉመጥመጡ። ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ቢቆይ ነው የሚሠራው።

ሲወልቅ

ብሬስ የሚወልቅበት ቀን ደስ ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ያን ቀን ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። ሪቴይነሬን አንድ ዓመት ገደማ አድርጌ ተውኩት። የታችኛው የፊት ጥርሴ ዛሬ ተመልሶ ተደራርቧል። ይቆጨኛል።

ነገሩ ወደ ሐኪሟ መልስ ይመልሰናል። ጥርሱ አዲስ ቦታ ሲደርስ ዙሪያው ያለው አጥንት ገና ለጋ ነው። ድዱ ውስጥ ያሉት ጅማቶችም እንደ ተወጠሩ ናቸው። አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ ድረስ ጥርሱን ወደ ነበረበት ይጎትቱታል። አንዳንዶቹ አንድ ዓመት ይፈጅባቸዋል። ከዚያ በኋላም ጥርስ በዕድሜ መንቀሳቀሱን አይተውም፤ ብሬስ አድርጎ የማያውቅ ሰውም ጥርስ ይንቀሳቀሳል። ለዚህ ነው ዛሬ አብዛኞቹ ኦርቶዶንቲስቶች «ጥርሱ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከፈለጋችሁ ድረስ ማታ ማታ አድርጉት» የሚሉት። ከጥርስ ጀርባ የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦም አለ። እሱ አይረሳም፤ ግን ከሥሩ በደንብ መጽዳት አለበት፣ በአንድ በኩል ቢላቀቅም ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

የሚወልቀውን ሪቴይነር በሙቅ ውኃ አትጠቡት፣ ይጣመማል። በሶፍት ጠቅልላችሁ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፤ አብዛኛው የሚጠፋው ከቆሻሻ ጋር ተጥሎ ነው። ጭራሽ አልገጥም ካለ በግድ አታስገቡት። ለሐኪሙ ደውሉ።

የእህቴ ልጅ አሁን 16 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት መልእክት ላከችልኝ። «ማታ ሪቴይነሩ በጣም አጥብቆኝ አደረ።»

«ስንት ቀን ረሳሽው?» አልኳት።

«አራት።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጻፈች። «ከፊት መፍረስ ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ዛሬም አደርገዋለሁ።»